«አብስኮንድ»፦ ጠፋች የሚያሰኘው ቃል

ውድ እህቶቼ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ልብስ ማጠቡን፣ ገበያ መውጣቱንና ወደ አገር ቤት መደወሉን አቆይታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕረፍት የማይሰጣችሁና ይህን ንግግር ማታ ሥራ ሲያልቅ ከመጽሔቱ ላይ የምታነቡትም አብራችሁን እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት።

እንደምታውቁት በወረቀታችን ላይ የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ቃላትን አንድ በአንድ እያነሣን እንነጋገራለን። ዛሬ ያመጣሁት ቃል «አብስኮንድ» ይባላል። ማዳም ወጥ ቤት ውስጥ የምትናገረው ቃል አይደለም። ልጆቹም ከቴሌቪዥን ለቅመው አያስተምሩንም። የቢሮ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ቃል ነው። ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የምናየው በራሳችን ስም ላይ ተጽፎ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ትርጉሙን ለመጠየቅ ጊዜውም ሰውም አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ በሰላሙ ቀን እንወቀው።

ቃሉ መልኩን ስለሚቀያይር በመጀመሪያ ጆሯችንን እናስለምደው። ድርጊቱ «አብስኮንድ» ነው። ድርጊቱ ካለፈ «አብስኮንድድ» ይላሉ። ሰውየዋ ወይም ሰውየው «አብስኮንደር» ይባላሉ። በቢሮ በብዛት የሚሰማው «አብስኮንዲንግ» ነው፤ አሠሪ «ሠራተኛዬ ጠፋችብኝ» ብሎ የሚያስገባው ማመልከቻ «አብስኮንዲንግ ሪፖርት» ይባላል። በዓረብኛው «ሁሩብ» ወይም «በላግ ሁሩብ» ስትሉ የሰማችሁት ይኸው ነው።

ትርጉሙ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «መጥፋት» ወይም «መውጣት» ብሎ ያልፈዋል። ግን ቃሉ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። አንደኛው መሄድ ነው። ሁለተኛው በድብቅ መሄድ ነው። ሦስተኛው ከሕግ፣ ከዕዳ ወይም ከግዴታ ለማምለጥ ብሎ መሄድ ነው። ሦስቱ ሲሟሉ ነው አንድ ሰው «አብስኮንድ አደረገ» የሚባለው። በቀን ብርሃን፣ ተናግሮ፣ ወዴት እንደሚሄድ አሳውቆ የሄደ ሰው ሄደ ይባላል እንጂ ይህ ቃል በትክክል አይገባውም። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ዛሬ ደጋግመን እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ነው። በላቲን «ኮንዴሬ» ማለት ሰብስቦ ማስቀመጥ፣ ማከማቸት፣ መሸሸግ ነው። «አብስ» የሚለው ጅማሬ ደግሞ «ራቅ አድርጎ» እንደማለት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «አብስኮንዴሬ» ይሆናል፤ ራቅ አድርጎ ሸሸገ ማለት ነው። እህልን በጎተራ፣ ገንዘብን በማሰሮ እንደሚያስቀምጡት ዓይነት ነው።

በጥንቱ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ቃል በሁለት የምናውቃቸው ታሪኮች ውስጥ ይገኛል። አንዱ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ነው፤ አዳምና ሔዋን ከበደሉ በኋላ በዛፎች መካከል የተሸሸጉበት ቦታ። ሁለተኛው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው፤ ጌታችን በእርሻ ውስጥ ስለተሰወረው መዝገብ የተናገረው ምሳሌ። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው ታሪክ የሚሸሸገው ጥፋተኛ ነው። በሁለተኛው የሚሸሸገው ሀብት ነው፤ ሰውየው ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛው ሀብት። በላቲኑ ቃሉ ሁለቱንም ይችል ነበር። ራሱን የሸሸገ ሁሉ ጥፋተኛ ነው አይልም ነበር።

እንግሊዞች ቃሉን የወሰዱት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በመጀመሪያ እነርሱም «አንድን ነገር ሸሸገ» በሚለው ትርጉም ይሠሩበት ነበር። ቆይቶ ያ ትርጉም ቀረና «ራሱን ሸሸገ፣ ተሰወረ» የሚለው ብቻ ጸና። ከዚያ በኋላ የሕግ ሰዎች ያዙት። ዕዳውን ሳይከፍል ለተሰወረ ሰው፣ በዋስ ወጥቶ ለቀረ ተከሳሽ፣ የማኅበር ገንዘብ ይዞ ለጠፋ ገንዘብ ያዥ ይህ ቃል ዋና መጠሪያ ሆነ። ዛሬም በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ብታገኙት በአብዛኛው እንዲህ ባለ ወሬ ውስጥ ነው።

ግን ከዚሁ ጎን ሌላ ታሪክ አለ፤ እኛን በቀጥታ የሚነካ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ጌቶች ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። የሸሸ ባሪያ፣ ውሉን ሳይጨርስ የሄደ አገልጋይ፣ ከእጅ ሥራ መምህሩ ቤት የወጣ ልጅ በማስታወቂያው ላይ ቁመቱ፣ መልኩ፣ የለበሰው ልብስ ይዘረዘራል፤ ላገኘውም ሽልማት ይነገራል። «ከጌታው አገልግሎት ጠፍቷል» ለማለት ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ይህንኑ ቃል ነበር። በእንግሊዝ አገር ሠራተኛ ውሉን ትቶ ቢሄድ እንደ ወንጀለኛ ተይዞ ሊታሰር ይችል ነበር። ጌታው ውሉን ቢያፈርስ ግን ነገሩ የገንዘብ ክርክር ብቻ ነበር። አንድ ውል፣ ሁለት ሚዛን ማለት ነው። ያ አሠራር በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሥራን መተው ወንጀል መሆኑ ቀረ።

ይህን የነገርኳችሁ ለታሪክ ብዬ ብቻ አይደለም። ቃሉ ዛሬ እኛ ባለንበት አገር በቢሮ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያንን የቆየ ሸክሙን ተሸክሞ እንደሚመጣ እንድታውቁ ነው። ያ ሸክም ከቤት ሠራተኛ በፊት በብዙ ሌሎች ሰዎች ትከሻ ላይ የነበረ ነው። እነርሱም ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም።

የእኛንም ቋንቋ እንመርምር። እኛ «ጠፋች» እንላለን። ወዳጃችንን ቆይተን ስናገኛት «ምነው ጠፋሽ?» ብለን እንስማታለን፤ ናፍቆት ነው እንጂ ክስ አይደለም። ነገር ግን «አጠፋች» እና «ጥፋት» የሚሉትም ከዚያው ሥር ናቸው። ስለዚህ አንዲት እህት «ጠፍቼ ነው የምሠራው» ስትል ሳታስበው ጥፋተኛ ነኝ የሚል ድምፅ በራሷ ጆሮ ውስጥ ይገባል። አንገቷን ትደፋለች። ደመወዟን የከለከላት ሰው አንገቱን ሳይደፋ እርሷ ትደፋለች።

ለ«አብስኮንድ» በጣም የሚቀርበው የአማርኛ ቃል ግን «ኮበለለ» ነው። በአገራችን ስንት ልጅ ነው ከአባቱ በሬ ኮብልሎ የቆሎ ተማሪ የሆነው? እናቱ ታለቅሳለች፣ አባቱ ይቆጣል፤ ልጁ ከዓመታት በኋላ ሊቅ ሆኖ ሲመለስ ግን «ያ የኮበለለው ልጅ» እየተባለ በኩራት ይወራለታል። ስለዚህ ሕዝባችን ራሱ ያውቀዋል፤ መኮብለል ሁሉ አንድ አይደለም። ሰው ከምን እንደሄደና ወደ ምን እንደሄደ ይጠየቃል።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅበት አንድ ቦታ አለው፤ እርሱም የንብ እርባታ ነው። ንቦች በሙሉ ቀፎውን ባዶ አድርገው ሲሄዱ ንብ አናቢዎች «አብስኮንድ አደረጉ» ይላሉ። የማር አገር ልጆች ነንና ይህን እናውቀዋለን። ንብ ቀፎዋን ትታ ስትሄድ አባቶቻችን ንቧን አይረግሙም። ወደ ቀፎው ሄደው ይመረምራሉ። ጉንዳን ገብቶ ይሆን? ማሩ ሁሉ ተቆርጦ ተርባ ይሆን? ጭስ በዝቶባት፣ ሙቀት ጸንቶባት፣ ውኃ ርቋት ይሆን? ምክንያቱ ከቀፎው ይፈለጋል። የመጣችው ልትሠራ ነው፤ የሄደችውም መኖር ስላልቻለች ነው። ለንብ የሚጠየቀው ጥያቄ ለሰው ልጅ ሲሆን ለምን ይቀራል?

እሺ፣ አሁን ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ። እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ። ከዚህ ቃል ቀጥለው የሚመጡ ሁለት ትንንሽ ቃላት አሉ። አንዱ «ፍሮም» ነው፣ «ከ» ማለት ነው። «አብስኮንድድ ፍሮም» ካለ «ከቤቱ ጠፋች» ነው። ሁለተኛው «ዊዝ» ነው፣ «ይዛ» ማለት ነው። «አብስኮንድድ ዊዝ» ካለ «ይዛ ጠፋች» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ወርቅ፣ ገንዘብ፣ ስልክ ይጠራል። የመጀመሪያው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የስርቆት ክስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ አጭር ቃል አይበልጥም፤ ለእናንተ ግን በወር ደመወዝ ክርክርና በእስር ቤት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ወረቀት ሲነበብላችሁ «ፍሮም ነው ዊዝ ነው የሚለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዊዝ» ካለ በዚያው ቦታ «ምንም አልወሰድኩም፤ ይጻፍልኝ» በሉ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ከዚህም የተነሣ ከቤት የምትወጣ እህት የራሷ ያልሆነ አንዳች ነገር ይዛ አትውጣ። ማዳም በበዓል የሰጠቻችሁ ሽቶ ቢሆን፣ ያረጀ ስልክ ቢሆን፣ ልጅቷ «ለአንቺ ነው» ብላ ያሰረችላችሁ አምባር ቢሆን የሚያጠራጥር ከሆነ ተዉት። ያልተከፈለ ደመወዛችሁንም ከቤት ውስጥ ገንዘብ በማንሣት አታስከፍሉ። መብታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያን ቀን ከሳሽ የነበራችሁት ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ሌሎች የሚቀራረቡ ቃላትም አሉ። «ሊቭ» መሄድ ነው፤ ክስ የለበትም። «ሪዛይን» አሳውቆ ሥራ መልቀቅ ነው። «ኢስኬፕ» ከአደጋ ወይም ከእስር ማምለጥ ነው። «አብሰንት» ደግሞ አለመገኘት ብቻ ነው። «አብሰንት» እና «አብስኮንድ» ለጆሮ ቢመሳሰሉም ሥራቸው የተለያየ ነው፤ ያልተገኘ ሰው ሁሉ የተሸሸገ አይደለም። ይህ የመምህራን ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለድርጅት ሠራተኞች «ሁሩብ» የሚለውን ትታ «ከሥራ ያልተገኘ» ወደሚል አጠራር ለውጣለች፤ ከአጠራሩም ጋር ሠራተኛው ሌላ አሠሪ የሚፈልግበት ወይም አገር የሚገባበት ቀን ሰጥታለች። ይህ የድርጅት ሠራተኞችን የተመለከተ ነበር እንጂ የቤት ሠራተኞችን አይደለም። ቢሆንም መንግሥታት እንኳ በአንድ ቃል ላይ ተቀምጠው እንደሚነጋገሩ ያሳያል። ቃል ሲለወጥ የሰው ዕድል ይለወጣል።

ይህ ቃል በስማችሁ ላይ ከተመዘገበ ምን ይሆናል? እንደ አገሩ ይለያያል፤ በጥቅሉ ግን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ዋጋ ያጣል፣ በመንገድ ስትፈተሹ ልትያዙ ትችላላችሁ፣ ወደ አገር ልትመለሱና ዳግም እንዳትገቡ ልትከለከሉ ትችላላችሁ። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ያልተከፈለ ደመወዛችሁን ለመጠየቅ ስትቀርቡ ከጥያቄያችሁ በፊት ይህ ቃል ቀድሞ ይቆማል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአማካሪነት ከጀመርኩ ወዲህ በሰው ቤት ከሠራሁባቸው ስምንት ዓመታት ይልቅ ስለ ቃል ኃይል ብዙ ተምሬያለሁ። አንዲት እህት አምስት ወር ሳይከፈላት ቆይታ፣ ስትጠይቅ ስለተመታች በማለዳ ቆሻሻ ልትጥል እንደወጣች በቤት ነጠላ ጫማዋ በእግሯ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። በራሷ እግር ሄደች፤ ማንም አልያዛትም። መኮንኑ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ሲላት በምታውቀው ዓረብኛ «ሀረብት» አለች። ሸሸሁ ማለቷ ነው። እርሷ «ከዱላ አመለጥኩ» ማለቷ ነበር። መኮንኑ ግን የሰማውን ቃል ጻፈ። ከሰዓት በኋላ አሠሪዋ መጥታ «ሁሩብ» ስታመለክት ወረቀቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆየ፤ በሠራተኛዋ በራሷ አፍ ተረጋግጧል ተባለ። ያንን አንድ ቃል ለማስተካከል ለሳምንታት ተመላለስን። በመጨረሻ የሦስት ወሩ ደመወዝ ተከፍሏት አገሯ ገባች። የሁለቱ ወር እዚያው ቀረ። ያቺ እህት ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ራሷን ያሳየች ሰው ነበረች። የቃሉን ትርጉም ካስታወሳችሁ እርሷ የሠራችው ተቃራኒውን ነው፤ ሳትሸሸግ ወጣች።

ስለዚህ ይህን ተለማመዱ። «ሀረብት» አትበሉ። «አብስኮንድድ» አትበሉ። በዓረብኛ «አና ጂት አሽተኪ» በሉ፤ ላመለክት መጣሁ ማለት ነው። «አና ማ ሀረብት» በሉ፤ አልሸሸሁም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ዲድ ኖት አብስኮንድ፤ አይ ኬም ቱ ኮምፕሌይን» በሉ። እያንዳንዳችሁ ዛሬ ማታ አሥር ጊዜ ደጋግሙት። የተደናገጠ ሰው አዲስ ቃል አይመጣለትም፤ የለመደው ነው የሚመጣለት።

ውል የሁለት ወገን እንደሆነም አትርሱ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ቁጥር 68፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ የሳምንት ዕረፍት እንዲኖር፣ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝ ያዛል። የኳታር እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ቁጥር 15 ሕግ የቀኑን ሥራ 10 ሰዓት አድርጎ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ያዛል። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ ቁጥር 9 ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ እንዲሆን፣ በሳምንትም የሚከፈልበት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ይላል። ሊባኖስ ያላችሁ እህቶች ግን እወቁት፤ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከውስጡ አውጥቷታል፤ ስለዚህ እናንተ የያዛችሁት ውል ከሌላው ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ቅጂውን እንደ ዓይናችሁ ጠብቁት።

እንግዲህ ወደ ቃሉ ሥር አንድ ጊዜ እንመለስ። ራቅ አድርጎ መሸሸግ ነው ብለናል። ፓስፖርታችንን ወስዶ በቁልፍ የቆለፈው ማነው? ደመወዛችንን «ስትሄጂ እሰጥሻለሁ» ብሎ ያስቀመጠው ማነው? በሩን ከውጭ ቆልፎ ሰው እንዳያየን ያደረገው ማነው? ቃሉን በሥሩ ብንመረምረው በብዙ ቤት የሸሸገው ሌላ ነው፤ «ተሸሸገች» ተብላ የምትከሰሰው ግን የተሸሸገችው ራሷ ናት። ይህን የምለው አሠሪን ሁሉ ለመኮነን አይደለም። እንደ ልጃቸው የሚይዟችሁ፣ ስትታመሙ የሚያስታምሟችሁ እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ ደግሞ እኛም የቃላችን ሰዎች እንሁን። ሥራው ስለሰለቸን ወይም ደላላ «ውጭ ወጥተሽ ብትሠሪ እጥፍ ታገኛለሽ» ስላለን ብቻ ሳንናገር ብንሄድ ያን ጊዜ ቃሉ በትክክል ይገባናል። ደላላው የሚያስገባችሁ ቤት ወረቀት የሌለው ቤት ነው፤ ደመወዝ ቢከለክሏችሁ ለማን ትናገራላችሁ?

አሁን ተግባሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በሰላሙ ጊዜ፦ የፓስፖርት፣ የኢቃማና የውል ፎቶ በስልካችሁ ያዙ፤ ለምታምኑት ዘመድም ላኩ። ደመወዝ የተቀበላችሁበትን ቀንና መጠን በደብተር ጻፉ። የቤቱን አድራሻ፣ የአሠሪውን ሙሉ ስምና ስልክ እወቁ። የኤምባሲያችንን ወይም የቆንስላችንን ስልክ በቃል አጥኑ፤ ስልክ ሊነጠቅ ይችላል፣ በልብ ያለ ቁጥር አይነጠቅም።

ችግር ሲጀምር፦ ቶሎ ተናገሩ። ለአሠሪው በጨዋነት፣ ከዚያም ለመክተቡ፣ ከዚያም ለቆንስላው። በጽሑፍ መልእክት ብታደርጉት ይሻላል፤ ቀን ያለው መልእክት ምስክር ነው። «የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም፤ እባክዎ ይክፈሉኝ» የሚል አንድ መልእክት በድብቅ እንዳልሄዳችሁ ከብዙ መሐላ በላይ ይመሰክራል።

መውጣት ግድ ከሆነ፦ ዱላ፣ መደፈር፣ የሞት ፍርሃት ካለ ወረቀት አትጠብቁ፤ ሕይወት ይቀድማል። ግን በበር ውጡ። እህቶቼ፣ በመስኮት፣ በበረንዳ፣ በአንሶላ ገመድ አትውረዱ። ከፎቅ የወደቁ ልጆቻችንን ታውቃላችሁ። በሩ ከተቆለፈ ከመስኮት ጩኹ፣ ለፖሊስ ደውሉ፣ ለጓደኛ ያላችሁበትን ቦታ ላኩ። ከወጣችሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ቆንስላ ሂዱ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ጓደኛ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጦ መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ጊዜ «የት ነበርሽ?» ያሰኛል። የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ፣ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አሠሪው ሄዶ ሊያስመዘግብባችሁ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ የእርሱ ቃል ቀድሞ ይታመናል። ግን ቀን ያለው አቤቱታ በእጃችሁ ካለ የምትከራከሩበት አላችሁ፤ ከሌለ ግን የእርሱ ወረቀት ብቻውን ይናገራል።

አስቀድሞ ተመዝግቦባችሁ ከሆነ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ምዝገባው በስሕተት ወይም በክፋት መሆኑ ሲረጋገጥ የሚሰረዝበት መንገድ ያላቸው አገሮች አሉ። የምሕረት ጊዜም ይመጣል፤ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. በ2018ና በ2024 ለወራት የቆየ ምሕረት አውጃ ብዙ ሰው ወረቀቱን አስተካክሏል ወይም ያለ ቅጣት አገሩ ገብቷል። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ ከደላላ ሳይሆን ከቆንስላ ወይም እንደዚህ ካለ ቢሮ አረጋግጡ። «ሁሩብሽን በገንዘብ አስነሣልሻለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘባችሁን ብቻ ያነሣል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ቤተሰብ ነው። «ልጅሽ ጠፋች» የሚለው ወሬ በመክተቡ በኩል እናታችሁ ዘንድ ከእናንተ በፊት ሊደርስ ይችላል። እናት በአማርኛ «ጠፋች» ስትሰማ «ሞተች» ብላ ትሰማለች። ስለዚህ በተቻላችሁ ፍጥነት ደውሉ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «እማዬ፣ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ፤ ደህና ነኝ፤ ያለሁበትን የሚያውቁ ሰዎች አሉ» በሏት። የእርሷ ልብ ካረፈ የእናንተም ጉልበት ይመለሳል። ዕዳ ተበድራ የላከቻችሁ እናት ብትቆጣም እንኳ ታገሷት፤ ቁጣው የፍርሃት ነው።

እናንተም በመካከላችሁ ስትነጋገሩ አጠራራችሁን አስተካክሉ። «እንትና ጠፋች» ከማለት «እንትና ከዚያ ቤት ወጣች» በሉ። ክርስቲያንም ሆነች ሙስሊም፣ ደሴም ሆነ ጅማ ወይም ጎጃም ትወለድ፣ ለእህታችሁ ያወጣችሁላት ቃል ነገ ለእናንተ ይሆናል። በሰላም ቀን ስትገናኙ ግን «ምነው ጠፋሽ?» ማለቱን አትተዉ። የዚያ ቃል ትርጉም ፈልጌሻለሁ ነው፤ የሚፈልጋት ሰው ያላት ሴት ደግሞ በቀላሉ የምትሸሸግ አይደለችም።

ለሚቀጥለው ጊዜ «ዌይቭ» የሚለውን ቃል ይዤ እመጣለሁ። በአውሮፕላን ጣቢያ መንገድ ላይ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ከሚባሉት ወረቀቶች ውስጥ ያለ ቃል ነው፤ መብትን በገዛ ፈቃድ መተው ማለት ነው። እስከዚያው ያላነበባችሁትና ያልተነበበላችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።